ለአስር ደቂቃ ንግግር የተለቀሰ ለቅሶ

ነገሩ የተጀመረው አርብ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ስልኬን በገዛ እጄ ያጠፋሁ ጊዜ ነው። በገዛ እጄ የምለው የማሳብብበት ሌላ ሰው ስለሌለ ነው። ፈልጌ ነበር፤ አላገኘሁም።

ስልክ ማጥፋት ቀላል ሥራ መሆኑን ታውቃላችሁ። ጎኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ ጫን ማድረግ፣ ትንሽ መታገስ፣ አለቀ። ሸዋሮቢት ውስጥ ተቀምጦ ይህንን ያደረገ ሰው በማግስቱ ማለዳ ምን እንደሚጠብቀው ግን ማንም አልነገረኝም። ዩኒቨርሲቲም አራት ዓመት ሙሉ ስቀመጥ ይህን ትምህርት አልሰጡንም፤ ወይም የተሰጠው እኔ በቀረሁበት ቀን ነው፤ እኔ ደግሞ ቀርቼ አላውቅም።

መጀመሪያ ለምን እንዳጠፋሁት ልንገራችሁ። ሥራዬ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የችግኝ ጣቢያ ነው። ፓፓያና ማንጎ እናፈላለን። ችግኝ አይጠይቅም፣ አይመልስም፣ ዓይን ዓይን አያይም፤ የተስማማነውም ለዚህ ነው። ሥራው ግን ጊዜያዊ ስለሆነ ቅዳሜና እሁድ የመምህርነት ሥልጠና እከታተላለሁ። አንድ ትምህርት ቤት የምስክር ወረቀቱን ይዤ ከሄድኩ ዘንድሮ ቦታ እንዳለኝ ነግሮኛል። ወረቀቱን ለማግኘት አንድ ነገር ብቻ ነበር የቀረኝ፦ ክፍል ፊት ወጥቶ አስር ደቂቃ መናገር።

አስር ደቂቃ ለእናንተ ምንም ላይሆን ይችላል። እኔ ባጃጅ ውስጥ «እዚህ ጋ አውርደኝ» ማለት አፍሬ፣ ሰፈሬን አልፌ ሄጄ፣ ሌላ ሰው ሲወርድ አብሬ ወርጄ በእግሬ የምመለስ ሰው ነኝ። ሸዋሮቢት ላይ በዚያ ፀሐይ በእግር መመለስ ምን ማለት እንደሆነ የቆላ ሰው ያውቀዋል።

የመጀመሪያው ተራዬ ሲደርስ ጥርሴን አሞኛል አልኩ፤ አንዴ ቀኝ አንዴ ግራ ጉንጬን እየያዝኩ ሳቃስት ውዬ አመለጥኩ። በሁለተኛው ወጣሁ። «እንደምን አደራችሁ» አልኩ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለኝ። ከዚያ በኋላ የሚባለው ቃል ከአፌ ሳይሆን ከዓለም ላይ ጠፋ። ጥቂት ቆሜ፣ አመስግኜ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የክፍል ጓደኞቼ «ዜና አንባቢዋ» ይሉኛል፤ ሰላምታ ሰጥታ መብራት የሄደባት ለማለት ነው።

መምህራችን ከእኔ በሁለት ዓመት ቢበልጥ ነው፤ ሲቆጣ ግን በሃያ ዓመት ይበልጠኛል።

«ቅዳሜ ሦስት ሰዓት» አለኝ። «ርዕስሽ የዕለት ተዕለት ሕይወታችን በቴክኖሎጂ ላይ ያለው ጥገኝነት። ሦስተኛና መጨረሻሽ ነው። ካልተናገርሽ ኮርሱን ለከርሞ ትደግሚዋለሽ።»

«ጽፌ ባመጣስ፣ መምህር?»

«ተማሪዎችሽንም ደብዳቤ እየጻፍሽ ልታስተምሪያቸው ነው?»

ለከርሞ ማለት ቦታው ለሌላ ሰው ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ተዘጋጀሁ። ከዚህም ከዚያም እያነበብኩ አስራ አራት ገጽ ጻፍኩ። ጮክ ብዬ ሳነበው የራሴ አልመስልሽ አለኝ፤ የሰው ጫማ እንዳደረገ ሰው አንደበቴ ያነክሳል። ያኔ ነው ያች ሐሳብ የመጣችብኝ። አንድ ቀን ሙሉ ያለ ስልክ ብውል፣ ያየሁትን ብጽፍ፣ የራሴን ነገር መናገር ቢያንስ አይጠፋኝም። ብልህ ሐሳብ መስሎኝ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ።

እኔ ጠንቃቃ ነኝ። አጣዬ አካባቢ የምትኖረው እናቴ በቀን ሦስት ጊዜ ካልደወለች ቀኑ የመሸ አይመስላትም። እንዳታስብ ብዬ ከማጥፋቴ በፊት መልእክት ላክሁላት፦ «እማዬ፣ ዛሬ ስልኬን አጥፍቼ እውላለሁ። ምንም አልሆንኩም። አታስቢ።» መሠረተ ትምህርት ተምራለች፤ ቀስ ብላም ቢሆን ታነባለች። ደውዬ ብነግራት ይሻል ነበር። ግን ለምን ብላ ትጠይቀኛለች፣ ማስረዳት ይመጣል፣ ማስረዳት ደግሞ ራሱን የቻለ ንግግር ነው።

በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ ቁልፏን ተጫንኩ።

የመጀመሪያው ግኝቴ እጄ የኔ አለመሆኑ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ እየገባ ያጠፋሁትን ስልክ ይፈልጋል። ስንት ጊዜ እንደገባ ደብተሬ ላይ ምልክት ማድረግ ጀመርኩ። መንገድ ላይ ብቻ አስራ ሰባት ደረሰ። መደመሪያውም፣ ሰዓቱም፣ ባትሪውም፣ የቀኑ ሙቀትም ስልኬ ውስጥ ስለነበሩ ቆጠራውን ተውኩት።

ሁለተኛው ግኝቴ ችግኝ ጣቢያው ባዶ መሆኑ ነው። ከበሩ ጥላ ሥር ጥበቃው ጋሽ አሊ ብቻ ተቀምጠዋል። ሰፈራችን አንድ ነው፤ ከአባቶቻቸው ጀምሮ የይፋት ሰው ናቸው፤ በወሬ አይቸኩሉም።

«ምነው ልጄ? ዛሬ እኮ ሰው የለም። ሁሉም ለስብሰባ ማጀቴ ከተማ ሄዷል። በስልክ ተልኮላቸው ነው አሉ።»

«ስልኬን አጥፍቼው ነው፣ ጋሽ አሊ።»

«ማን ላይ ተቆጥተሽ?»

«ማንም ላይ። ለትምህርት ነው።»

«አጂብ! እኔ የማውቀው ትምህርት ስልክ ሲያስገዛ ነው።» ትንሽ አሰቡና፣ «እናትሽ ታውቃለች?» አሉ።

«መልእክት ልኬላታለሁ።»

«መልእክቱንስ ላክሽ። ድምፅሽን ሰማች ወይ?»

ይህ አነጋገር በጣም ደስ ስላለኝ ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩት። ሁለቴም አሰመርኩበት። እንደ ምክር መቀበል ግን አልታሰበኝም፤ ተማርኩ የምንል ሰዎች ጥሩ ነገር ስንሰማ መጻፍ እንጂ ማድረግ አይቀናንም።

ወደ ቤት ልመለስ ስል ጋሽ አሊ «ከመጣሽ አይቀር ያን መደብ አጠጪው» አሉኝ። አይ ማለት ስለማልችል አጠጣሁ። ያ ሲያልቅ «ያንንም» አሉኝ። እስከ አስር ሰዓት ድረስ በጣቢያው ውስጥ ያለ ፓፓያ ሁሉ ውኃ ጠገበ።

ቤት ስገባ አስራ አንድ ተኩል ገደማ ነው። አከራዬ እትዬ ብዙነሽ የማሾና የሽንኩርት ነጋዴ ናቸው። ልባቸው ደግ ነው፤ ድምፃቸው ግን ገበያ የለመደ ስለሆነ «ደህና አመሸሽ» ሲሉም የዋጋ ክርክር ይመስላል። በሩን ሳልዘጋ ብገባ፣ ውኃ ባፈስ፣ መብራት ብረሳ ሰፈሩ ይሰማል። ያን ዕለት ግን በሩን ሳልዘጋ ገባሁ፤ ራሳቸው ተነስተው በቀስታ ዘጉት።

«ነይ፣ ልጄ። ደክሞሻል። ተቀመጪ።»

ተጋቢኖ ሠርተው ጠብቀውኛል። ጾም ስለሆነ እንጂ በግ የሚያርዱልኝ ይመስል ነበር። ስጎርስ ያዩኛል፤ ሳቆም ያጎርሱኛል።

«ብዪ እንጂ። ሰው ጉልበት ያስፈልገዋል። ነገን ማን ያውቃል?»

«እውነትዎን ነው፣ እትዬ። ነገ ጠዋት ከባድ ነገር አለብኝ።»

እጃቸው ጉርሻ እንደያዘ አየር ላይ ቆመ። «ልብሽ ነግሮሻል ማለት ነው?»

«ልቤማ ከትናንት ጀምሮ ሲመታ ነው የከረመው።»

«ወይ አምላኬ! የልጅ ልብ እኮ ያውቃል» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ለአስር ደቂቃ ንግግር ይህን ያህል መጨነቃቸው ልቤን ነካው። ስለ ፈተናው የነገርኳቸው አልመሰለኝም ነበር፤ ነግሬያቸው ይሆናል አልኩ።

ከምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሙከራዬ አለቀ። ስልኬን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው።

«ልከፍተው።»

«አምጪ! ባትሪው ያልቃል። መብራት ሲመጣ እኔ ቻርጅ አደርግልሻለሁ።»

ከራሳችን በላይ አምፖሉ በርቷል። ቬንትሌተሩም እየዞረ ነው። እኔ ግን ሰው ማረም ስለምፈራ ስልኬን ሰጠኋቸው። ጓዳ ገብተው የማሾ ጆንያ ሲያንቀሳቅሱ ሰማሁ። ስልክ በጆንያ ሥር ቻርጅ ሲደረግ ሰምቼ አላውቅም። ሲተኛም «ዛሬ ብቻሽን አታድሪም» ብለው ፍራሻቸውን ክፍሌ አምጥተው አነጠፉ። ደግነት ሲበዛ ለምን ብሎ መጠየቅ ነውር ይመስለኛል።

ቅዳሜ ንጋት ላይ፣ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ደብተሬን ይዤ ለልምምድ ወደ ግቢው ወጣሁ። ወጥቼም ደነገጥኩ። እትዬ ብዙነሽ ጥቁር ለብሰው ምድጃው ላይ ትልቅ ድስት ጥደዋል። በግድግዳው ጥግ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ በበሩ እየገቡ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «እንደምን አደርሽ» እያሉኝ አንገታቸውን ደፍተው ይቀመጣሉ። ጋሽ አሊም ከሱብሂ ሰላት መልስ መጥተው ከመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አርባ ሰው ቢሆን ነው።

ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ? ንግግሬን ሊሰሙ የመጡ መሰለኝ።

አትሳቁ። እትዬ ብዙነሽ ትናንት እንደዚያ ተጨንቀውልኛል፤ እንድለማመድ ሰው ጠርተውልኛል አልኩ። ይባስ ብለው መጥተው ትከሻዬን ይዘው «በርቺ፣ ጠንክሪ። በሁሉም ላይ የሚደርስ ነው» አሉኝ። አንዲት ጎረቤትም «ሁላችንም አልፈንበታል» አለች። እሷም ሰው ፊት ተናግራ ታውቃለች ማለት ነው ብዬ ተጽናናሁ። ያን ሁሉ ሰው ከእንቅልፉ አስነስቼ ዝም ብል ደግሞ ምን ዓይነት ምስጋና ቢስነት ነው? መካከል ላይ ቆምኩና ደብተሬን ገለጥኩ።

«የተከበራችሁ አድማጮቼ፣ ዛሬ የምነግራችሁ ቴክኖሎጂ በዕለት ተዕለት ሕይወታችን ውስጥ ስላለው ቦታ ነው።»

አርባው ሰው ቀና አለ። እርስ በርሱ ተያየ። «ወይኔ፣ ገና ሳይነገራት አእምሮዋን ነካት» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ተክሌ ነበሩ፣ ጋቢ ለብሰው፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው። ከአጣዬ ሌሊቱን ሽንኩርት በጫነ አይሱዙ ላይ ስለመጡ ነፋሱና የሽንኩርቱ ገለባ ዓይናቸውን በርበሬ አስመስሎታል። እኔ ያየሁት ግን አይሱዙውን አይደለም። በማለዳ፣ ሽማግሌ ይዘው፣ ዓይናቸው ቀልቶ የቆሙትን አጎቴን ነው። እናቴ አብራቸው የለችም።

በእኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ዘመድ ሽማግሌ ይዞ መጥቶ ነው የሚነገረው። ይህንን ለመገንዘብ ዲግሪ አያስፈልግም። ወንበሩ፣ ጥቁሩ ልብስ፣ ድስቱ፣ ተጋቢኖው፣ ሁሉም ባንዴ ገባኝ።

«እማዬን!» ብዬ ጮህኩ።

በዚያው ቅጽበት ጋሼ ተክሌም ግቢ ሙሉ ለቀስተኛ ተቀምጦ አይተው ኖሮ «ወይኔ ልጄን!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ሽማግሌዎቹ ተከተሉ። ጎረቤቶቹም ይጠብቁ የነበረው ይህንኑ ስለነበር አንድ ላይ አነሱት። ሴቶቹ መጥተው ያዙኝ፤ በደብተሬ ያራግቡኛል፤ ውኃ ይረጩኛል። እኔ «እማዬ» እላለሁ፣ አጎቴ «ልጄ» ይላሉ፣ እትዬ ብዙነሽ «ሳላውቃቸው ቀሩ» ይላሉ። በሴቶቹ መሐል ስለተሸፈንኩ አጎቴ አላዩኝም፤ ሊይዟቸው ከመጡ ጎረቤቶች ጋር አንገት ለአንገት ተያይዘው ያለቅሳሉ። ያን የመሰለ የሠመረ ለቅሶ በሰፈራችን ተለቅሶ አያውቅም፤ ሁለቱም ወገን ሐዘንተኛ፣ ሁለቱም ወገን አጽናኝ።

ሩብ ሰዓት ያህል እንደሄደ ጋሽ አሊ ከመጨረሻው ወንበር ተነሱ።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ። ጀመዓው፣ አንድ ጊዜ። ለመሆኑ የሞተው ማነው?»

ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

«የእሷ እናት ናቸዋ!» አሉ እትዬ ብዙነሽ ወደ እኔ እየጠቆሙ።

«የማን እናት?» አሉ ጋሼ ተክሌ፣ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው። ሴቶቹ ገለል ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉ። «እህቴማ ዋናው መንገድ ላይ ባጃጅ ውስጥ ናት! እስክናጣራ ብለን ነው ያስቀረናት። የሞትሽውስ አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«እኔ?» አልኩ። በሕይወቴ በዚያ ድምፅ ተናግሬ አላውቅም።

ሲጣራ ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ መልእክቴን አንብባ ስትደውል ዝግ ሆነባት፤ ወንድሟን ጠራች። ጋሼ ተክሌ እትዬ ብዙነሽ ጋ ደወሉ።

«ልጅቷ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ምን ትሆናለች?»

«እስቲ አገናኚኝ።»

«ወጥታለች።»

ሞት በስልክ እንደማይነገር የሚያውቁት አጎቴ «ደህና ናት» ሲባሉ ጨርሶ ተስፋ ቆረጡ። «በቃ፣ ነገ በማለዳ ሰው ይዤ እመጣለሁ» ብለው ዘጉት። ሞት በማለዳ፣ ሰው ተይዞ እንደሚነገር የሚያውቁት እትዬ ብዙነሽ ደግሞ እናቴን ቀበሩና ለጎረቤት ነገሩ። ሁለቱም ደንቡን ጠንቅቀው ያውቃሉ። አንዳቸው እንኳ ትንሽ ባለጌ ቢሆኑ ኖሮ ሁላችንም በሰላም እናድር ነበር።

እናቴ ተጠርታ በበሩ ገባች። መጀመሪያ ፊቴን፣ ከዚያ ክንዴን፣ ከዚያ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሰች። ሙሉ መሆኔን ካረጋገጠች በኋላ ትከሻዬን በጥፊ አለችኝ።

«ምንም ያልሆነ ሰው ‹ምንም አልሆንኩም› ብሎ ይጽፋል? መቼ ጽፈሽልኝ ታውቂያለሽ?»

«አታስቢ ብዬሽ እኮ ነው፣ እማዬ።»

«አታስቢ ስትይኝ ነዋ ያሰብኩት!»

ከዚያ አቀፈችኝ። ሽንኩርት ሽንኩርት ትሸታለች። ድስቱ ውስጥ የነበረው ንፍሮ ነው፤ ለቀስተኛ የሚቀርበው። እትዬ ብዙነሽ «ንፍሮ አይደፋም» ስላሉ ለቀስተኛውም፣ ሟቾቹም፣ ሁላችንም ቁጭ ብለን በላን።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ፈተናው ትዝ አለኝ። ደብተሬ ሲያራግቡኝ ተበጣጥሶ ገጹ በግቢው ተበትኗል። ስልኬ ከጆንያ ሥር ወጥቷል፤ ባትሪው ግን ቻርጅ አልተደረገም። ልቅር ብዬ አሰብኩ። ጥርሴን አሞኛል ማለት እንኳ አያስፈልገኝም፤ እናቴ ሞታ ነበር ብል ማን ይከራከረኛል? ግን ቦታው ለከርሞ አይጠብቀኝም። ደግሞም ማልቀስ ጉሮሮዬን ከፍቶት ነበር መሰለኝ፣ ራሴን አላውቀውም።

እናቴ «ከዓይኔ አትጠፊም» ብላ ተከተለችኝ። ጋሼ ተክሌና እትዬ ብዙነሽም መጡ። መምህራችን በሩ ላይ ሲያየን «ምንድን ነው?» አለኝ።

«ዘመዶቼ ናቸው፣ መምህር። ከኋላ ይቀመጡ።»

ስሜ ተጠራ። ወጣሁ። «ዜና አንባቢዋ መጣች» አለ አንዱ ከፊት ወንበር። ክፍሉ ውስጥ ሃያ ስድስት ሰው አለ። ጠዋት በአርባ ሰው ፊት ፀጉሬን ፈትቼ ስጮህ ከነበርኩበት ጋር ሳስተያየው ትንሽ መሰለኝ። እንደምን አደራችሁ ብል እንደ ባለፈው እንደሚሆን ስለፈራሁ ሰላምታውን ዘለልኩት።

«ዛሬ ጠዋት እናቴ ሞታ ነበር» አልኩ።

መምህሩ ብዕሩን አስቀመጠ።

«አሁን እዚያ ኋላ ተቀምጣለች።»

ሃያ ስድስቱም ዞሩ። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

ከዚያ በኋላ ቃል አልፈለግኩም፤ ራሱ መጣ። ቦርሳ ውስጥ ስለሚገባው እጄ ነገርኳቸው። ስልኩ ሲጠራ በሕይወት እንዳለን፣ ሲዘጋ ደግሞ እንደሞትን አድርገን መኖር እንደጀመርን ነገርኳቸው፤ ግን ያው ስልክ «ደህና ናት» ሲለን የማናምነውም እኛው ነን። ጋሽ አሊን ሳስመስል ዜና አንባቢዋ ያለኝ ልጅ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ይስቅ ነበር። ጋሼ ተክሌ ግን አልሳቁም፤ ለቅሶው ጋ ስደርስ እንደገና እንባቸውን ጠረጉ።

መምህሩ እጁን አነሳ። «አስር ደቂቃሽ አልቋል።»

«ገና ባጃጁ ጋ አልደረስኩም» አልኩት።

እጁን አወረደ። ቀጠልኩ።